የታደሰ ብረት፣ የማይታደስ ታሪክ

ጥር 1 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 10 ቀን 2020፣ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት ኪሲሚ በምትባል ከተማ አንዲት አሮጌ አረንጓዴ መኪና ለጨረታ ቀረበች። ቀለሟ ደብዝዟል፤ ላሜራዋ እዚህም እዚያም ዝጓል፤ ወንበሯ አርጅቷል። በዚያው ጨረታ ላይ የቀረቡ ሌሎች መኪኖች ግን ትናንት ከፋብሪካ የወጡ እስኪመስሉ ድረስ ያበሩ ነበር። መዶሻው ሲመታ አሮጌዋ መኪና 3 ሚሊዮን 400 ሺህ ዶላር አወጣች። የአጫራቹ ኮሚሽን ሲታከልበት ደግሞ ገዢው የሚከፍለው 3 ሚሊዮን 740 ሺህ ዶላር ሆነ።

ተውበው የቀረቡት በረከሱበት ገበያ ያረጀችው እንዴት ተወደደች? ይህን ለመረዳት ወደ ኋላ ሄዶ አሜሪካኖች “መስል ካር” የሚሏቸው ባለጡንቻ መኪኖች እንዴት እንደተወለዱ፣ እንዴት እንደሞቱና በስንት ድካም ከሞት እንደተነሡ ማየት ያስፈልጋል። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ በ1963 ይጀምራል። በዚያ ዓመት መግቢያ ላይ ታላቁ የመኪና አምራች ጄኔራል ሞተርስ በሥሩ ያሉት ክፍሎች ሁሉ ከእሽቅድምድም እጃቸውን እንዲያወጡ አዘዘ። በእሽቅድምድም ስም ላተረፈው ለፖንቲያክ ክፍል ትእዛዙ ዱብ ዕዳ ነበር። የክፍሉ ዋና መሐንዲስ ጆን ዲሎሪያንና ባልደረቦቹ ግን አንድ ዘዴ ዘየዱ። ለትልልቅ መኪኖች የተሠራውን 389 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 6.4 ሊትር ገደማ የሆነ ሞተር አንስተው መካከለኛ ቁመና ባላት ቴምፔስት ውስጥ ከተቱት። ችግሩ፣ ኩባንያው በዚያ መጠን መኪና ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የበለጠ ሞተር እንዳይገጠም የሚከለክል ደንብ ነበረው። እነ ዲሎሪያን ደንቡን ፊት ለፊት አልተጋፉትም። መኪናዋን አዲስ ሞዴል ነች ሳይሉ፣ ሞተሩን ደንበኛው ከፈለገ ከ300 ዶላር ባነሰ ጭማሪ የሚያስገጥመው ተጨማሪ ዕቃ ነው አሉ። ስሙንም ከጣሊያኑ ፌራሪ ተውሰው “ጂ ቲ ኦ” አሉት። የበላዮቹ ነቅተው ሳያስቆሙት ገበያው ቀደመ፤ በ1964 ሞዴል ብቻ 32,450 ጂ ቲ ኦ ተሸጠ።

ያን ጊዜ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተወለደው ብዛት ያለው ትውልድ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣበት ዕድሜ ላይ ደርሶ ነበር። ቤንዚን ርካሽ፣ መንገዱ ሰፊ፣ ሥራውም የሞላ ነበር። ፎርድ በአፕሪል 1964 ሙስታንግን አወጣና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሸጠ። ክራይስለር በ1966 “ሄሚ” የተባለውን 425 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ለመንገድ መኪና አቀረበ። በ1970 ጄኔራል ሞተርስ ራሱ የሞተር ገደቡን አነሣና የሸቭሮሌው ሸቨል 454 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ተሸክሞ 450 የፈረስ ጉልበት አለኝ አለ። የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ በዱቤ ሊገዛው የሚችል መኪና ከእሽቅድምድም መኪና ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚለካካበት ዘመን ነበር።

ዘመኑ ግን ዕድሜው አጭር ሆነ። መጀመሪያ የመድን ድርጅቶች፣ ወጣት ሾፌርና ብርቱ ሞተር ሲገናኙ የሚያስከትሉትን አደጋ አስልተው ዓረቦኑን ሰቀሉት። ቀጥሎ በ1970 የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ ከመኪና የሚወጣው ጭስ በ1975 በዘጠና በመቶ እንዲቀንስ ጠየቀ። አምራቾቹም የሞተሮቻቸውን ጉልበት መቀነስ ጀመሩ። በመጨረሻ በኦክቶበር 1973 የዓረብ ነዳጅ አምራች አገሮች በአሜሪካ ላይ ማዕቀብ ጣሉና የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ያህል ናረ። የዚያ ዋጋ ወላፈን እኛም ዘንድ ደርሷል፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች የቤንዚን መወደድ አንገፍግፏቸው ሥራ ማቆማቸውንና ከዚያ በኋላ የመጣውን አንባቢ አይዘነጋውም። በእኛ አገር ዘውድ ለነቀነቀው ማዕበል አንዱ መነሻ የሆነው የነዳጅ ዋጋ፣ በዲትሮይት ደግሞ ባለጡንቻዎቹን መኪኖች ቀበራቸው። በ1974 የዚያ ዘመን የመጨረሻው ጂ ቲ ኦ ሲሠራ ጉልበቱ 200 ፈረስ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የውርደት ታሪክ ነው። ቤንዚን እንደ ውኃ የሚጠጣ አሮጌ መኪና ማን ይፈልጋል? ብዙዎቹ በርካሽ ተቸበቸቡ፤ በወጣቶች እጅ ሞተራቸው ነደደ፤ በበረዶና በጨው መንገድ ዛጉ፤ በየጓሮው ሣር በቀለባቸው። ዛሬ ወርቅ የሚያወጣው ሞተር ያኔ ሲበላሽ ወጥቶ ተጣለና በምትኩ የተገኘው ተገጠመበት። ይህ ግዴለሽነት በኋላ ለሻጭም ለገዢም ትልቅ ራስ ምታት ሆኗል።

ጊዜ ግን ዞሮ ይመጣል። በ1968 የሃያ ዓመት ጎረምሳ የነበረው ሰው በ1998 ሃምሳ ሞላው። ልጆቹ አድገዋል፤ የቤቱ ዕዳ ተከፍሏል፤ ኪሱም ሞላ ብሏል። ያኔ አቅም አጥቶ በመስኮት ያያትን፣ ወይም ሲያገባ የሸጣትን መኪና ይፈልግ ጀመር። የእድሳት ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው በዚህ ፍላጎት ላይ ቆሞ ነው። መኪናው እስከ መጨረሻው ብሎን ይፈታል፤ ገላው እንደ ጥብስ በሚሽከረከር ብረት ላይ ይሰቀላል፤ ዝገቱ ይቆረጣል፤ አዲስ ላሜራ ይበየዳል። ዛሬ ለአንዳንዶቹ ሞዴሎች ሙሉ ቦዲ አዲስ ተሠርቶ ይሸጣል። ለዚህ ሥራ ሺህ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ብዙ ጊዜም ባለቤቱ ለእድሳት ያወጣው ገንዘብ መኪናው ተሸጦ ከሚያስገኘው ይበልጣል።

ጥያቄው የሚመጣው ለሽያጭ ሲወጣ ነው። በሩ አዲስ፣ ወለሉ አዲስ፣ ቀለሙ አዲስ፣ ወንበሩ አዲስ ከሆነ “የ1970 መኪና ነው” የሚባለው ምኑ ነው? ገበያው ለዚህ የሰጠው መልስ ቁጥርና ወረቀት ነው። በእኛ አገር መኪና የሚገዛ ሰው የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር እንደሚያመሳክር ሁሉ፣ እዚያም ሞተሩና ካምቢዮው ላይ የተመታው ቁጥር ከመኪናው መለያ ጋር መግጠሙ ይመረመራል። ከገጠመ ዋጋው ይሰቀላል፤ ካልገጠመ ይወርዳል። ከዚህም በላይ የሚፈለገው ፋብሪካው መኪናውን ሲገጣጥም ሠራተኞች የሚመሩበት የትእዛዝ ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት እንደ ቆሻሻ ከወንበር ስፕሪንግ ሥር ወይም ከነዳጁ ቋት አናት ላይ ተሸጉጦ ይቀር ነበርና፣ ዛሬ ባለቤቶች ወንበር እየገለበጡ ይፈልጉታል።

ወረቀት ይህን ያህል ዋጋ ሲያገኝ ደግሞ የሚያስመስል አይጠፋም። የ1970ው ሸቨል “ኤስ ኤስ” ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚያ ዓመት “ኤስ ኤስ” ራሱን የቻለ ሞዴል ሳይሆን ተጨማሪ ዕቃ ስለነበር በመኪናው መለያ ቁጥር ውስጥ አይነበብም። ስለዚህ ተራውን ሸቨል አስውቦ፣ ምልክት ለጥፎ፣ ትልቅ ሞተር ገጥሞ ማቆም ይቻላል። ይህን በግልጽ ተናግሮ የሚሸጥ ሰው ነውር የለበትም፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። የሞተሩን ቁጥር ፍቆ ሌላ እየመታ እውነተኛው ነው የሚለው ግን ቀለም ሳይሆን ውሸት ሸጠ። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” እንዲሉ፣ ገዢዎች ባለሙያ መርማሪ ይዘው መምጣት የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ገበያውም ቢሆን እንደ ማንኛውም ገበያ ያብጣል፤ ይተነፍሳል። በጃንዋሪ 2006 በአሪዞና ስኮትስዴል በተካሄደው የባሬት-ጃክሰን ጨረታ አንድ የ1970 ፕሊመዝ ባለሄሚ ጣራ ከፋች መኪና ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ብዙ ሰው መኪናን እንደ አክሲዮን ቆጥሮ በብድር ጭምር ገዛ። በ2008 የገንዘብ ቀውሱ ሲመጣ ዋጋው ተንኮታኮተ፤ ዘግይቶ የገባው ከሰረ። በ2014 ደግሞ በሲያትል ከአሥራ አንድ እንደማይበልጡ ከሚታወቁት የ1971 ባለሄሚ ጣራ ከፋቾች አንዱ 3 ሚሊዮን 500 ሺህ ዶላር አወጣ። በሁለቱ ጊዜያት መካከል ብረቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰው ልብና ኪስ ነው።

አሁን ወደ አረንጓዴዋ መኪና እንመለስ። የ1968 ፎርድ ሙስታንግ ስትሆን፣ በዚያው ዓመት በወጣው “ቡሊት” ፊልም ውስጥ ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን በሳን ፍራንሲስኮ ዳገትና ቁልቁለት ያበረራት ናት። በ1974 አንድ የኒው ጀርሲ ቤተሰብ በመጽሔት ማስታወቂያ አይቶ በ6 ሺህ ዶላር ገዛት። መምህርት የነበሩት እማወራ ወደ ትምህርት ቤት ይመላለሱባት ነበር። በ1977 ማክዊን ራሱ መልሶ ሊገዛት ደብዳቤ ቢጽፍም ቤተሰቡ አልሸጠም። በ1980 ፍሪሲዮኗ ሲበላሽ ቆመች፤ ለአሥርት ዓመታትም ከሕዝብ ዓይን ተሰወረች። ልጅየው በኋላ እንድትነዳ አድርጎ ሲያሰናዳት ቀለሟንና ጠባሳዋን አልነካም። ለቀረጻው ካሜራ የተሠራላት መያዣ፣ የዛገው ላሜራና የማክዊን ደብዳቤ ሁሉም ምስክሮቿ ሆኑ። ተቀብታና ተወልውላ ቢሆን ኖሮ ከምስክሮቿ አብዛኞቹ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቀው በጠፉ ነበር።

የእኅቷ ዕጣ ደግሞ ሌላ ነው። በፊልሙ ለአደገኛው ዝላይ ያገለገለችው ሁለተኛዋ ሙስታንግ ሜክሲኮ ውስጥ አሮጌ ብረት መጣያ ላይ ተገኘች። የገዟት ሰዎች የሌላ ፊልም መኪና አስመስለው ሊሠሯት ጀምረው ሳሉ የሻንሲ ቁጥሯ ሲጣራ ማንነቷ ታወቀ፤ በ2017ም ዜናዋ ተሰማ። እድሳቱ ሳይጣራ ተጀምሮ ቢያልቅ ኖሮ እውነተኛዋ ምስክር የሌላ መኪና ቅጂ ሆና በቀረች።

እንግዲህ እድሳት ሁሉ ጥፋት ነው ማለት አይደለም። ሣር ከበቀለባቸው መኪኖች ብዙዎቹ ያለ ባትላሜራው እጅ ዛሬ አፈር ሆነው ነበር፤ የታደሰ መኪናም ያዳነውን ሰው ጥበብ ተሸክሞ ይሄዳል። ሻጭ ሊሸጥ የሚገባው ግን ሁለቱንም ነው፦ መኪናውንና የመኪናውን እውነት። የትኛው ላሜራ አዲስ እንደሆነ፣ ሞተሩ መቼ እንደተለወጠ፣ ከእድሳቱ በፊት ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ፎቶግራፍ ያስቀመጠ ሻጭ ዕቃውን አያረክስም፤ ያስከብረዋል። ቀለም በየሃያ ዓመቱ ሊቀባ ይችላል። አንድ ጊዜ የተፋቀ ቁጥርና አንድ ጊዜ የተጣለ ወረቀት ግን በሦስት ሚሊዮን ዶላርም ተመልሶ አይገዛም።