ዝንጀሮ የሌለበት የዝንጀሮ ራስ

የአክሱምን ታላላቅ ሐውልቶች ያየ ሰው፣ በፎቅና በፎቅ መካከል በመደዳ ተደርድረው ከድንጋዩ ወጣ ያሉትን ክብ ጉጦች አይዘነጋቸውም። የእነዚሁ ዓይነት ጫፎች በደብረ ዳሞ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይም ይታያሉ፤ እዚያ ግን ድንጋይ ሳይሆኑ እውነተኛ እንጨት ናቸው። ስማቸው በአማርኛ «የዝንጀሮ ራስ»፣ በትግርኛም «ርእሲ ህበይ» ነው። የአክሱም ጽዮንን ጥንታዊ ሕንፃ ክፍሎች የሚዘረዝረው የግዕዙ መጽሐፈ አክሱምም በዚሁ ምስል ይጠራቸዋል።

ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ የተቀረጸ ዝንጀሮ የለም። ነገሩ የአናጢ ዘዴ ነው። የጥንቱ ግንበኛ ድንጋይን በጭቃ እያያያዘ ሲገነባ፣ ግድግዳው እንዳይፈርስ በየደረጃው ረጃጅም እንጨቶችን በግድግዳው ርዝመት ያጋድማል። ከዚያም አጫጭር እንጨቶችን በውፍረቱ አሻግሮ ከረጃጅሞቹ ጋር ያቆላልፋል። የአጫጭሮቹ ጫፍ ከግድግዳው ውጭ ይቀራል፤ «ራስ» የተባለውም ይኸው ነው። ሐውልት ጠራቢው ይህንኑ የእንጨት ሥራ ከአንድ ወጥ ድንጋይ ላይ ቀርጾ አወጣው። ማሰሪያ የነበረው ጌጥ ሆነ። በላሊበላም የቤተ አማኑኤል ጠራቢዎች የአክሱምን ግንብ ወጣ ገባ መልክ ከዐለት ፈልፍለው ደግመውታል።

ይህ ጌጥ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ስሙ ቃል በቃል ተተርጉሞ «መንኪ ሄድ» ተባለ። ለናይሮቢ ነዋሪ ታሪኩ ሩቅ አይደለም። መቀመጫውን በዚህች ከተማ ያደረገው የምሥራቅ አፍሪካ የብሪታንያ ኢንስቲትዩት በኔቪል ቺቲክ መሪነት አክሱም ላይ ቁፋሮ ያካሄደ ሲሆን፣ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1974 አብዮቱ ሲፈነዳ ተቋረጠ። ቺቲክ በ1984 ካረፉ በኋላ ውጤቱን ስቱዋርት መንሮ-ሄይ አዘጋጅተው በ1989 ለኅትመት አበቁት። ከ1993 እስከ 1997 ደግሞ ዴቪድ ፊሊፕሰን ቁፋሮውን ቀጠሉ። የአክሱም ግንበኞች ጥበብ በእንግሊዝኛ ለሚያነብ ዓለም የታወቀው በእንዲህ ዓይነት ሥራዎች ነው።

ትርጉሙ ስሕተት ነው ለማለት አይቻልም፤ ጎዶሎ ግን ነው። አማርኛ ጦጣን ከዝንጀሮ ይለያል፤ «መንኪ» ግን ሁለቱንም ይጠቀልላል። ዝንጀሮን በገደል አፋፍ ለሚያውቅ ባለአገር፣ ከግድግዳ ብቅ ያለ ድቡልቡል ጫፍ ምስሉን ወዲያው ያመጣለታል። ገደሉንም ዝንጀሮውንም ያላየ የውጭ አንባቢ ግን በድንጋዩ ላይ የእንስሳ ፊት ፍለጋ ይገባል፤ ባያገኘው ደግሞ ስሙን እንደ ተረት ይቆጥረዋል። ከዚህ የባሰው የመልስ ጉዞው ነው። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ካልተጠነቀቀ «የጦጣ ራስ» ብሎ ይጽፋል፤ ጌጡም በገዛ አገሩ ስሙን ያጣል።

የሌላ ጌጥ ዕጣ ከዚህ ይለያል። የብራና መጻሕፍትን ገጽ የሚያስጌጠው «ሐረግ» በእንግሊዝኛ የጥናት ጽሑፎችም ሐረግ እንደ ተባለ ይገኛል። ባዕዱ አንባቢ ቃሉን አንድ ጊዜ ተብራርቶለት ይማረዋል፤ የሚጠመጠም ተክል ፍለጋም አይባዝንም። ነገር ግን ቃሉን እንዳለ ማስቀመጥም ዋጋ ያስከፍላል፤ ስያሜውን ያወጣው ሰው ጌጡን ከተክል ጋር ያመሳሰለበት ዓይን ለባዕዱ ተሰውሮ ይቀራልና።

ስለዚህ የሚሻለው ሁለቱን ማስታረቅ ነው፤ ስሙን በአገርኛው ማስቀመጥ፣ ምስሉን መተርጎም፣ ሥራውንም «ከግድግዳ የወጣ የአግዳሚ እንጨት ጫፍ» ብሎ መግለጽ። ሦስት ቃል የሚበቃው ቦታ አንድ ዐረፍተ ነገር ይፈጃል፤ ይሁንና የአናጢውን እጅ አያስረሳም።

ከሮም የተመለሰው ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2005 አክሱም ደርሶ በ2008 ዳግም ቆሟል። ድንጋዩን ለመመለስ የዐሥርተ ዓመታት ክርክር ጠይቋል። ቃሉን መጠበቅ ያን ያህል አይከብድም። በናይሮቢ ተወልዶ የአክሱምን ታሪክ በእንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ «ዝንጀሮው የት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እንጨቱ እንዴት ግድግዳውን እንዳሰረ የሚያስረዳው ወላጅ ካገኘ ስሙ ከነትርጉሙ ይዘልቃል።