ከሶዶ ልጆች ማን ይደግ? የጦና ንቦች ደጋፊዎች ያላለቀ ክርክር

ሰኔ ላይ ሊጉ ይዘጋል፤ ክረምቱ ሲገባ የዝውውር መስኮቱ ይከፈታል፤ ወላይታ ሶዶ ላይ ደግሞ ክርክሩ ይጀመራል። ማን ውሉን ያድሳል? ማን ይሸኛል? ከሁሉም በላይ ግን፣ ከተስፋ ቡድኑ የትኛው ልጅ ወደ ዋናው ቡድን ይደግ? በቡና ቤት የተጀመረው ሙግት ባጃጅ ውስጥ ይቀጥላል። መስከረም አጋማሽ ላይ ጊፋታ ደርሶ ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳና ከአዋሽ ማዶ ያለው ዘመድ ሁሉ ሲሰበሰብ፣ ጥሬ ሥጋውና ዳጣው በቀረበበት ማዕድ ዙሪያ ዳግም ይነሳል።

የተከራካሪዎቹ ጎራ ሁለት ነው። አንደኛው ወገን ዞኑ በልጅ የሞላ ነው፤ ቦዲቲ፣ አረካ፣ ሁምቦና ገሱባ ኳስ የማይንከባለልበት ሜዳ የለም፤ ታዲያ ለምን ከውጭ እንገዛለን ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ሊጉ የልጆች መለማመጃ አይደለም፤ በልምድ የበሰለ ተጫዋች ካልመጣ የሚጠብቀን መውረድ ነው ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች ማስረጃ አላቸው። የሚገርመው ግን ማስረጃቸው ከአንድ ታሪክ የተቀዳ መሆኑ ነው።

ታሪኩ ከክለቡ ስም ይጀምራል። በወላይትኛ «ድቻ» እድገትን፣ ልማትን የሚያመለክት ቃል ነው። በ2001 ዓ.ም. የተመሠረተው ወላይታ ድቻ ገና ከጅምሩ «ማሳደግ» የሚለውን አደራ በስሙ ተሸክሟል። ደጋፊው ያወጣለት ቅጽል ስም ደግሞ «የጦና ንቦች» ነው፤ ከመጨረሻው የወላይታ ንጉሥ ከካዎ ጦና የተወሰደ። አንድ የኳስ ቡድን በንጉሥ ስም ሲጠራ ነገሩ ከኳስ በላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህም ማን ይመረጥ የሚለው ጥያቄ በሶዶ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ማን ይወክለናል የሚል ጥያቄም አለበት።

ይህን ለመረዳት ከድቻ በፊት የነበረውን ዘመን ማስታወስ ይጠቅማል። ኢትዮጵያ በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ የአስመራ ልጅ ነበር። የዚያን ጊዜ የብሔራዊ ቡድኑ አከርካሪ እንደ አዲስ አበባ፣ አስመራና ድሬዳዋ ካሉ ጥቂት ከተሞች የወጣ ነው። ምክንያቱ የሌላው አገር ልጅ ኳስ አለማወቁ አይደለም። መራጭ ዓይን የሚገኘው ክለብ፣ ፋብሪካ፣ ባቡርና ጋዜጣ ባለበት ስለነበር ነው። ያልታየ ደግሞ አይመረጥም።

ለወላይታ ልጅ የነበረው መንገድ አንድ ነበር፤ መሄድ። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ የሆነበት ይህ ዞን ለአሥርት ዓመታት ልጆቹን ወደ ትልልቅ ከተሞች ሲሸኝ ኖሯል። የአዲስ አበባ ሊስትሮዎች ከየት እንደመጡ ለማንም ሚስጥር አይደለም። ኳስ ተጫዋቹም ከዚያው ጅረት ጋር የሚፈስ ነበር። ችሎታው ከታየለት በሰው ክለብ፣ በሰው ማሊያ ይታይለታል።

ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. በአዲስ መልክ ሲጀመር ካርታው ቀስ በቀስ ተቀየረ። ሐዋሳ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆኖ የደቡብ ክለብ ዋንጫ ማንሳት እንደሚችል አሳየ። ድቻ ደግሞ በተመሠረተ በአምስት ዓመቱ፣ በ2006 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቀለ። ከዚያ ወዲህ የሶዶ ልጅ ለመታየት የግድ አውቶብስ መሳፈር አላስፈለገውም። መራጩ ዓይን ራሱ ወደ ሰፈሩ መጣ። ክርክሩም ያኔ ተወለደ፤ የሚመርጥ ሲኖር ነውና ማን ይመረጥ የሚባለው።

ከዚያ 2009 እና 2010 መጡ። በአሰልጣኝ መሳይ ተፈሪ የሚመራው ድቻ በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዋንጫ ፍጻሜ መከላከያን በመለያ ምት አሸንፎ ዋንጫውን ሶዶ አስገባ። በዚሁ ድል የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ትኬት ቆረጠ። በ2010 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ዘላለም ሽፈራው እየተመራ የዛንዚባሩን ዚማሞቶ ካሰናበተ በኋላ የደረሰው ዕጣ ግን ሰው አንገቱን ያስነቀነቀ ነበር፤ አምስት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነው የግብፁ ዛማሌክ።

የሆነውን ሶዶ ላይ ሕፃን እንኳ ይተርከዋል። የካቲት መጨረሻ ሐዋሳ ላይ ድቻ 2 ለ 1 አሸነፈ። መጋቢት ላይ ካይሮ ውስጥ በተመሳሳይ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በመለያ ምት 4 ለ 3 ረትቶ ዛማሌክን ከውድድሩ አስወጣ። ቀጥሎ የታንዛኒያው ያንጋ ዳሬሰላም ላይ 2 ለ 0 ረታው፤ ድቻ በመልሱ 1 ለ 0 ቢያሸንፍም አልበቃውም። ጉዞው እዚያ አበቃ።

ያ ቡድን ዛሬም ለሁለቱ ጎራዎች የጋራ ምስክር ነው። «የራሳችን ልጆች» ባዩ ወገን እንደ በዛብህ መለዮ ያሉትን የዚያ ዘመን ልጆች ይጠራል። «ልምድ ይምጣ» ባዩ ደግሞ ቶጓዊውን አጥቂ ጃኮ አራፋትን ያስታውሳል። እውነቱ ሁለቱም ጎራ ግማሹን ብቻ መናገሩ ነው። ዛማሌክን የጣለው ቡድን ቅልቅል ነበር። ከሌላው የተለየው ከውጭ ባመጣቸው ወይም ባሳደጋቸው ልጆች ቁጥር አይደለም። ለዓመታት ሊጉ ውስጥ አብሮ የከረመ መሠረት ነበረው፤ አዲስ የመጣው ተጫዋችም በዚያ ላይ ተጨመረ። ክርክሩ ብዙ ጊዜ ስለ ተጨማሪው ሲሆን መሠረቱ ግን ይረሳል።

መሠረቱ ደግሞ ቶሎ ይፈርሳል። በዛብህ ወደ ፋሲል ከነማ አመራ፤ ፋሲል በ2013 ዓ.ም. ሊጉን ሲያነሳም የቡድኑ አባል ነበር። ቸርነት ጉግሳ ከድቻ ወጥቶ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄደ። ተጫዋች የተሻለ ደመወዝና ዋንጫ ፍለጋ መሄዱ ነውር አይደለም፤ እድገት ማለት እሱም ነው። ጥያቄው ልጁ ሲሄድ ላሳደገው ሜዳ ምን ይቀራል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ የአገራችን ዝውውር አሠራር ይገለጣል። የተጫዋቾች ውል ባብዛኛው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ውሉ ሲያልቅ ተጫዋቹ ነፃ ነው። አዲሱ ክለብ የሚከፍለው ገንዘብ በአብዛኛው ለተጫዋቹ የሚሰጥ እንጂ ላሳደገው ክለብ የሚመለስ አይደለም። ፊፋ ላሳዳጊ ክለቦች የሚከፈል የሥልጠና ካሣ ደንግጓል፤ ነገር ግን ድንጋጌው የሚሠራው ተጫዋቹ ከአገር አገር ሲዛወር ነው። ከሶዶ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ አይደለም። ስለዚህ በቁጥር ለሚያስብ የክለብ ኃላፊ ታዳጊ ማሳደግ ለሌላ ሰው ማሳ መኮትኮት ይመስለዋል። የበሰለ ተጫዋች ለአንድ ዓመት ማስፈረም ይቀለዋል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል።

ሌላው ዓለም ይህን ችግር እንዴት እንደያዘው ማየት ደግ ነው። አሜሪካ ውስጥ የቤዝቦል ክለቦች ታዳጊዎችን እንደፈለጉ ያስፈርሙ ነበር። ሀብታሙ ክለብ ገንዘቡን ይመዝና ጥሩ ጥሩውን ይለቅማል፤ ድሃው የተረፈውን ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1965 ግን ድራፍት የሚባል ሥርዓት መጣ። ተስፈኞቹ በዝርዝር ይቀርባሉ፤ ክለቦቹ ተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ቀድሞ ለመምረጥ የተሻለ ዕድል የሚያገኙት ባለፈው ዓመት በውጤት ወደ ኋላ የቀሩት ናቸው። ለደካማው ቅድሚያ ይሰጣል ማለት ነው። በዚያም አገር ደጋፊ ማን ይመረጥ እያለ ሲሟገት ያድራል። ልዩነቱ የሚሟገተው በታወቀ ወረፋና በተጻፈ መረጃ ላይ መሆኑ ነው።

ያም ሆኖ መረጃ ያለው ሁሉ አይሳሳትም ማለት አይደለም። ማይክ ፒያዛ የተባለው ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1988 የተመረጠው በ62ኛው ዙር፣ ከሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ልጆች በኋላ ነበር። በ2016 ስሙ በቤዝቦል የክብር መዝገብ ላይ ሰፈረ። ባለሙያ ዓይን እንዲህ ከሳተ፣ የሰፈር ዓይን መሳቱ አይደንቅም። ጥሩ ሥርዓት ስህተትን አያጠፋም። ነገር ግን የተረሳው ልጅ ስሙ የሚመዘገብበት መስመር፣ አንድ ቀን የሚታይበት በር ይተውለታል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሀብታሙንና የድሃውን ክለብ ርቀት ለማጥበብ ሙከራ አልጠፋም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። በወረቀት ላይ ያለውና በእጅ የሚሰጠው ለየቅል መሆኑ ብዙም አልቆየ፣ የአደባባይ ወሬ ሆነ። በ2017 የውድድር ዘመን ደግሞ የሊጉ አክሲዮን ማኅበር የክለቦችን ወጪ የሚገድብ የፋይናንስ መመሪያ ይዞ መጣ። ሁለቱም እርምጃዎች የሚያተኩሩት ምን ያህል ይከፈል በሚለው ላይ ነው። ማን ያሳድግ፣ ላሳደገውስ ማን ይክፈል የሚለው ግን ገና ነው።

ክርክሩን የሚያወሳስብ ሌላም ነገር አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ለሶዶ ደጋፊ ይህ ትርፍም ኪሳራም ነው። ትርፉ፣ ጨዋታ አያመልጠውም። ኪሳራው፣ ቡድኑን በዓይኑ፣ በሜዳው ማየቱ ቀረ፤ ቀድሞ ተጠባባቂው ሲያሟሙቅ፣ ታዳጊው ልምምድ ሲሠራ እያየ ይመዝን ነበር። አሁን የሚያየው ካሜራው ያሳየውን ነው፤ ካሜራ ደግሞ የተስፋ ቡድን ጨዋታ አያሳየውም። እናም ይደግ የሚባለው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚደገፈው በአየነው ሳይሆን በሰማነው ነው። ያጎቱ ልጅ ያወራለታል፤ የወረዳው ሰው ይሟገትለታል። የታየው ሳይሆን ዘመድ ያለው ይቀድማል።

ዕድሜም አለ። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በይፋ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ገጠር የተወለደ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የልደት ወረቀት የለውም። ስለዚህ 17 ዓመቱ ነው የተባለው ተስፈኛ 17ም 20ም ሊሆን ይችላል። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓ በኤምአርአይ መመርመር የጀመረው እንዲህ ያለው ችግር የብዙ አገር ስለሆነ ነው። የ20 ዓመት ጎልማሳ ከ16 ዓመት ልጆች ጋር ተጫውቶ ቢያብለጨልጭ ተስፋ አይባልም። ቦታውን የተነጠቀው እውነተኛው የ16 ዓመት ልጅ ደግሞ ማንም ሳያየው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቤቱ ደግሞ ወደ ከተማ የሚያሳፍረው አውቶብስ መነሻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር አንድ ነው። የሶዶ ደጋፊ ይህን ልጅ አሳድጉ፣ ያንን አምጡ እያለ የሚያነሳው ድምፅ ጉልበት አለው፤ የሚጮኸው ግን በትንሹ ጥያቄ ላይ ነው። አንድ ልጅ ቢያድግ አንድ ልጅ ነው። ትልቁ ጥያቄ ምርጫው በምን ይመራል የሚለው ነው። የተስፋ ቡድኑ ልጆች ስንት ጨዋታ፣ ስንት ደቂቃ ተሰለፉ? ይህ ተመዝግቦ ለደጋፊው ይነገራል ወይ? በየዓመቱ ቢያንስ ጥቂት ልጆች ወደ ዋናው ቡድን እንዲገቡ፣ አሰልጣኝ ቢቀያየርም የማይቀየር ደንብ አለ ወይ? ልጅ ወደ ሌላ የአገር ውስጥ ክለብ ሲሄድ ላሳደገው የሚከፈል ካሣ እንዲኖር፣ ከሶዶ ጀምሮ ያሉ አሳዳጊ ክለቦች ፌዴሬሽኑን በአንድ ድምፅ ጠይቀዋል ወይ?

ይህን መጠየቅ የልምድ ተጫዋች ይቅር ማለት አይደለም። ዛማሌክን የጣለው ቡድን የሚያስተምረው ቅልቅል እንደሚያዋጣ ነው። የሚያስፈልገው መሠረቱ በየክረምቱ እንዳይናድ ነው።

ንብ ቀፎዋን የምትሠራው አንዲት የተለየች ንብ ፈልጋ አይደለም። ሥራው ተከፋፍሎ፣ ወረፋው ታውቆ፣ ማሩ ለቀፎው ሲቀር ነው። የጦና ንቦች ስማቸው ይህን ይላቸዋል፤ ክለባቸውም «እድገት» ይባላል። ስም ደግሞ ዕዳ ነው፤ አንድ ቀን ይከፈላል።