ከፍራሹ በፊት ሚዛኑ፦ የዕቃ ተሳቢን ወደ ካምፕ ማደሪያ ስለ መለወጥ

ትንሽ ተሳቢን በእጅ ሠርቶ የካምፕ ማደሪያ ማድረግ በአሜሪካ የቆየ ልማድ ነው። «ሚካኒክስ ኢለስትሬትድ» የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1947 የዕንባ ጠብታ ቅርጽ ያላት ተሳቢ በቤት የሚሠራበትን ንድፍ አትሞ ነበር። ዛሬ በብዛት የሚታየው ግን 1.8 በ3.6 ሜትር የሆነችውን፣ በአንድ አክስል የምትሄደውን ዝግ የዕቃ ተሳቢ ገዝቶ መለወጥ ነው።

ሥራው መጀመር ያለበት ከፍራሽና ከቀለም ሳይሆን አምራቹ ከለጠፋት ትንሽ ሰሌዳ ነው። እዚያ ላይ ተሳቢዋ ከነጭነቷ ልትደርስበት የምትችለው ከፍተኛ ክብደት ተጽፏል። በብዙዎቹ ላይ የሚነበበው 2,990 ፓውንድ፣ ማለትም 1,356 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ቁጥሯ እንዲሁ የመጣች አይደለችም። ቨርጂኒያን ጨምሮ በርካታ ስቴቶች 3,000 ፓውንድ የደረሰ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ያስገድዳሉ፤ አምራቹ በ10 ፓውንድ ዝቅ ብሎ ፍሬኑን ይተዋል። ሕግ ለተማረ ሰው ይህ ብልጠት እንግዳ አይደለም። ቁልቁለት ላይ ግን በ2,990 እና በ3,000 ፓውንድ መካከል ልዩነት የለም። ካሊፎርኒያ ለካምፕ ተሳቢ ግዴታውን ከ1,500 ፓውንድ ይጀምራል፤ በእኔ እምነት ትክክሉ ይኸኛው ነው። አክስሉ የፍሬን መግጠሚያ ካለው፣ ስቴቱ ባያስገድድም የኤሌክትሪክ ፍሬን ቢገጠም ገንዘቡ አይቆጭም።

አሁን ሒሳቡን እናስላ። ባዶዋ ተሳቢ 590 ኪሎ ብትመዝን ለሥራውም ለጓዙም የሚቀረው 766 ኪሎ ነው። ሙሉ ገጹ 1.22 በ2.44 ሜትር፣ ውፍረቱ 19 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ኮምፔንሳቶ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አሥሩ 300 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ሰማንያ ሊትር ውኃ 80 ኪሎ ነው። አልጋው፣ ባትሪው፣ ማቀዝቀዣውና የወጥ ቤቱ ሳጥን ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ ለመደርደሪያ ቀጭን ኮምፔንሳቶ ይበቃል።

የክብደቱ አቀማመጥም ያው ነው። ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመኪናው መጎተቻ ኳስ ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ ካነሰ፣ ማለትም ውኃውና ባትሪው ወደ ኋላ ከተጫኑ፣ ተሳቢዋ በፍጥነት ስትጎተት እንደ ጅራት መወዛወዝ ትጀምራለች፤ መኪናውንም ይዛ ልትገለበጥ ትችላለች። የከባድ መኪና ማረፊያዎች ላይ በጥቂት ዶላር የሚመዝን ሚዛን አለ። ጓዝ ሁሉ ተጭኖ፣ ጋኑ ውኃ ሞልቶ መመዘን ነው።

ጥገናው ከታች ይጀምራል። ኩሽኔታዎች በዓመት አንድ ጊዜ ወይም በ12,000 ማይል ተፈትተው፣ ታጥበው፣ አዲስ ግራሶ ይሞላባቸዋል። መንገድ ላይ በቆሙ ቁጥር እጅን ወደ ሞዞው ማስጠጋት ጥሩ ልማድ ነው፤ ሞቅ ማለቱ ደግ ነው፣ እጅ የማያስጠጋ ግለት ግን መንገዱን ያስቆማል። ጎማ ከተፈታ በኋላ ዳዶዎቹ በመጀመሪያዎቹ 80 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ እንደገና ይጠብቃሉ። የተሳቢ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ይሞታል። ጎኑ ላይ ካለው ኮድ የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች ይመልከቱ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ስድስት ዓመት ካለፈው አላምነውም።

መስኮት ሲቆረጥ የግድግዳው ብረት አጥንት መነካት የለበትም። የጣሪያ ቀዳዳ በሲሊከን አይደፈን፤ ኋላ ሲላጥ ሌላ ነገር አይጣበቅበትም። ለጣሪያ የተሠራው ማሸጊያ ይሻላል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ስንጥቁ ይታያል። ሁለት ሰው ያደረበት ዝግ የላሜራ ሳጥን ጠዋት ግድግዳው ያልበዋል፤ የጣሪያ ማናፈሻ ለዚህ ነው። ጋዝ ከአየር ይከብዳልና ሲያፈተልክ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ሲሊንደሩ ውጭ ይቀመጥ። ምድጃ ለማሞቂያነት ተለኩሶ አይታደርም፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ከአልጋው አጠገብ መኖር አለበት።

በመጨረሻ ወረቀቱ። የዕቃ ተሳቢ ተብላ የተመዘገበች ንብረት ሰው የሚያድርባት ስትሆን፣ የስቴቱን የተሽከርካሪ ምዝገባ ክፍልና የመድን ድርጅቱን በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከአደጋ በኋላ የተጎጂው ጠበቃ ሊጠይቀው የሚችለው የመጀመሪያው ነገር የክብደት ሰሌዳው ነው። የሚዛኑን ደረሰኝ ከግዢ ሰነዶቹ ጋር ያስቀምጡት።