የበለስ ቁልቋልና የኩዊንስላንድ ገበሬዎች

ስለ አረም ሲነሣ፥ ነገሩ በገበሬውና በመኮትኮቻው መካከል ያለ ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታያል። አረሙ ግን ከማሳ ወደ ማሳ ተሻግሮ አገር ያለበሰ እንደ ሆነ የመንግሥት ጉዳይ ይሆናል። እንዲህ ባለ ጊዜ መንግሥት ገበሬውን መርዳት የሚገባው እንዴት ነው? ይህን ለመረዳት በአውስትራልያ የሆነውን የበለስ ቁልቋል ታሪክ እንመረምራለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የበለስ ቁልቋል የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። ብዙ ጥፋት ያደረሰው ዓይነት በ1839 ገደማ በአንድ ማሰሮ ተተክሎ ወደ ኒው ሳውዝ ዌልስ ገባ፤ በ1843 ገደማም ለአጥር እንዲሆን ወደ ቺንቺላ፥ ኋላ ኩዊንስላንድ ወደ ተባለው ክፍል፥ ተወሰደ። ያን ጊዜ አንድ ሰው በዶማ ነቅሎ ሊጨርሰው በቻለ ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረታችን ለእንዲህ ያለው ጊዜ የተነገረ ነው። የነቀለው ግን አልነበረም። ፍሬውን ወፎች እየበሉ ዘሩን በተኑት፤ ተቆርጦ የወደቀውም አካሉ መሬት ሲነካ ሥር ሰደደ። በ1900 ወደ 4 ሚሊዮን ሄክታር ይዞ ነበር፤ በ1925 ገደማ 24 ሚሊዮን ሄክታር፥ ይኸውም በአገራችን በቀድሞው ልክ ወደ 600,000 ጋሻ የሚሆን መሬት ሸፈነ።

መንግሥታቱ በመጀመሪያ የሞከሩት ማዘዝን ነው። በ1886 ኒው ሳውዝ ዌልስ ባወጣው ሕግ ባለይዞታው ቁልቋሉን እንዲያጠፋ ተገደደ። ቀጥሎ የተሞከረው ሽልማት ነው። የኩዊንስላንድ መንግሥት በ1901 መድኃኒት ላገኘ ሰው 5,000 ፓውንድ እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ በኋላም ወደ 10,000 ከፍ አደረገው፤ ገንዘቡን የወሰደ ሰው ግን አልተገኘም። በአርሴኒክ መርዝ ማጥፋት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ወጪው ከመሬቱ ዋጋ ይበልጥ ስለ ነበር፥ ብዙ ገበሬዎች ቤታቸውን ዘግተው መሬታቸውን ለቀቁ።

ውጤት የተገኘው ጥናትና አስተዳደር በተባበሩ ጊዜ ነው። በ1912 ሁለት ሊቃውንት የቁልቋሉን ጠላት ፍለጋ ወደ ብዙ አገሮች ተላኩ። በ1920 የጥናት ቦርድ፥ በ1924 ደግሞ በኩዊንስላንድ የበለስ ቁልቋል መሬት ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ የተያዘውን መሬት እንደ ቁልቋሉ ብዛት እየለየ መዘገበ፤ ኪራይ ቀነሰ፤ የመሬቱን ውል አቃለለ። በ1925 ካክቶብላስቲስ የተባለው የእሳት እራት እንቁላል፥ ቁጥሩ 3,000 ያህል፥ ከአርጀንቲና መጣ። ትሉ ሌላ ሰብል የማይበላ መሆኑ ከተፈተነ በኋላ ተራብቶ ተለቀቀ፤ እስከ 1933 ድረስም አብዛኛውን ቁልቋል ከውስጥ ቦርቡሮ ጣለው።

በቦናርጋ ገበሬዎቹ በ1936 ለዚህ ነፍሳት መታሰቢያ አዳራሽ ሠርተዋል። ምስጋናው ተገቢ ነው። እኛ ግን ትሉ ብቻውን መሬቱን ለገበሬው መለሰ ማለት አንችልም። ትል ቁልቋል ይበላል እንጂ ኪራይ አይቀንስም፤ የትኛው ማሳ ለማን እንደሚሰጥም አያውቅም።

ይህም ታሪክ ለሁሉ አገር አንድ ዓይነት መድኃኒት አይሰጥም። ይኸው የእሳት እራት በ1957 ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተወስዶ፥ በ1989 ፍሎሪዳ ላይ ተገኘ፤ በዚያም የአገሩን ተወላጅ ቁልቋሎች ይጎዳል። በእኛም አገር በትግራይ በለስ የድኻው የክረምት ምግብ፥ የከብቱም መኖ ሆኖ ሳለ፥ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለቀይ ቀለም ተብሎ የገባው ኮቺኒል የተባለ ነፍሳት ከታሰበለት ቦታ አልፎ የብዙ ገበሬዎችን በለስ አደረቀ። በኩዊንስላንድ ቁልቋሉን መግደል ገበሬውን ማዳን ነበር፤ በትግራይ ግን ገበሬውን ማስራብ ነው።

እንግዲህ አንድ ተክል ወይም ነፍሳት ከድንበር ከመግባቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ፥ ምን ይጠቅማል የሚለው ብቻ አይደለም፤ በየትኛው መሬት ላይ፥ በማን እጅ፥ ከወጣስ በኋላ ማን ይመልሰዋል የሚለውም ጭምር ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጠው መሬቱን በካርታ ለይቶ የሚያውቅና የገበሬውን ቃል አስቀድሞ የሚሰማ መንግሥት ነው ብለን እናምናለን።