ግመል ላይ የሚጫን ቤት በሚኒያፖሊስ፦ የሚኒሶታው የሶማሊ ሙዚየም

አሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ ሌክ ስትሪት የሚባል ረጅም ጎዳና አለ። እዚያ ጎዳና ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሶማሊ ሕዝብ ባህል ብቻ የቆመ ሙዚየም ተከፍቷል። በሰሜን አሜሪካ ብቸኛው እንደሆነ ሙዚየሙ ራሱ ይናገራል። የመሠረቱት ኦስማን አሊ የሚባሉ የሚኒሶታ ሶማሊ ናቸው፤ ስብስቡም የተጀመረው እሳቸው ወደ ትውልድ አገራቸው እየተመላለሱ ባመጧቸው ዕቃዎች ነው። ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠር ዕቃ አለው።

ለምን ሚኒሶታ? እ.ኤ.አ. በጥር 1991 የዚያድ ባሬ መንግሥት ወድቆ ሶማሊያ ወደ እርስ በርስ ጦርነት ስትገባ፣ ብዙ ሕዝብ በኬንያና በኢትዮጵያ የስደተኛ መጠለያዎች በኩል አልፎ አሜሪካ ገባ። ሚኒሶታ ውስጥ ደግሞ እንግሊዝኛ ብዙ የማይጠይቅ የፋብሪካና የሥጋ ማቀነባበሪያ ሥራ ነበር። አንዱ ሌላውን እየጠራ ብርዳሙ ግዛት በአሜሪካ ትልቁ የሶማሊ ማኅበረሰብ መኖሪያ ሆነ። በዚያው ጦርነት ሞቃዲሾ የሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፏል። እንግዲህ የሚኒሶታ ልጆች «የአያቶቻችንን ዕቃ አሳዩን» ቢሉ የሚወሰዱበት ቦታ አልነበረም።

ከዕቃዎቹ ሁሉ እኛን የሚገርመን አቃል ነው። አቃል የሶማሊ አርብቶ አደር ቤት ነው። የተለመጡ እንጨቶች ጉልላት መስለው ይታሰራሉ፤ ላያቸው ላይ በእጅ የተሠራ ምንጣፍና ቆዳ ይለብሳል። የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፣ የሚያቆሙትም የሚያፈርሱትም እነሱ፤ ቤቱም የሚስትየዋ ነው። ሴት ልጅ ስታገባ እናቷና ዘመዶቿ ክፍሎቹን ያዘጋጁላታል። ሰፈር ሲቀየር ቤቱ ይፈርስና ግመል ላይ ይጫናል። ምንጣፎቹ የግመሉን ጀርባ ከጭነት የሚከላከሉ መደላድል ይሆናሉ፣ የተለመጡት እንጨቶች ደግሞ ጭነቱን ከላይ ደግፈው ይይዛሉ። ቤትም የቤት ማጓጓዣም በአንድ ዕቃ ማለት ነው። ይህ ለመንቀሳቀስ የተሠራ ቤት አሁን አንድ ቦታ ቆሞ ይጎበኛል።

የወተት ዕቃውም እንደዚሁ። ሃን ይባላል፤ ከሥርና ከእንጨት ቃጫ ተጠቅጥቆ የሚሰፋ ነው፤ ወተት አያንጠባጥብም። ውስጡ በመዓዛማ እንጨት ጭስ ይታጠናል፤ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ፣ ጣዕምም እንዲኖረው። እኛም አገር የወተት ዕቃ በወይራ ይታጠን የለ? ቦረናዎችም እንዲሁ ተሰፍቶ የተሠራ የወተት ዕቃ አላቸው። ሙዚየም ውስጥ ግን ሃን ወተትም ጭስም የለውም። ያን ጠረን የማያውቅ ልጅ ቅርጫት ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ሌሎቹን ባጭሩ እንጥቀሳቸው። ኮር የሚባለው ከእንጨት የተፈለፈለ የግመል ቃጭል ነው፤ ግመሉ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ሲጠፋ እረኛው በድምፁ ይፈልገዋል። ዳብቃድ የዕጣን ማጨሻ ነው፤ ታዋቂው ከመካከለኛው ሶማሊያ ከኤል ቡር በሚወጣ ለስላሳ ነጭ ድንጋይ ይቀረጻል። እኛ በርኩማ የምንለው የእንጨት ትራስም አለ። እረኛ በእሱ ተንተርሶ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ አይወስደውም፣ ከብቱን እንዲጠብቅ ነው ይባላል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። እነዚህ ዕቃዎች እየጠፉ ያሉት በስደት ብቻ አይደለም። ገጠር ውስጥም ሃንን ቢጫው የፕላስቲክ ጀሪካን እየተካው ነው፤ በምንጣፍ ፋንታ የእርዳታ ድርጅቶች ሸራና አሮጌ ጨርቅ አቃሉን ሸፍኗል። ከጅግጅጋ ወደ ጎዴ መስመር የተጓዘ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል። ስለዚህ ያረጀ ዕቃ ገዝቶ መስታወት ውስጥ ማስቀመጥ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ እጃቸው ላይ ሙያው ያለ እናቶች በሕይወት እያሉ ማስተላለፉ ነው። ሙዚየሙም ይህን የተረዳ ይመስላል፤ አንጋፋ ሴቶች ለወጣቶች የምንጣፍ ሥራ ያስተምራሉ፣ ወጣቶችም በባህላዊ ጭፈራ ቡድን ይሠለጥናሉ። በእኛ እምነት ከዕቃው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

የሶማሊ ባህል ደግሞ አብዛኛው በቃል የተያዘ ነው። ቋንቋው ይፋዊ ፊደል ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ከዚያ በፊት ግጥሙ፣ ሕጉ፣ የዘር ሐረጉ የሚቀመጠው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ሴቶች የራሳቸው የግጥም ዓይነት አላቸው፣ ቡራንቡር ይባላል። ዘፈኑንማ ካሴት አዳነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በአየር ስትደበደብ ከሬዲዮ ጣቢያው የወጡ ክሮች መሬት ውስጥ ተቀብረው ተርፈዋል፤ ዛሬ በከተማዋ የባህል ማዕከል በሺዎች የሚቆጠር ካሴት ተሰብስቦ ይገኛል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2024 የኢሳ ሶማሊዎችን የቃል ሕግ ሄር ኢሴን በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ስም መዝግቧል።

አንድ ግለሰብ ተነስቶ የሕዝብ ቅርስ ሰበሰበ ሲባል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የሐረሩ ሸሪፍ ሙዚየምም የአንድ ሰው ስብስብ ነው። ግን በግል ስብስብ ላይ አንድ የምንሰጋው ነገር አለ። ዕቃ ከገጠር ሲገዛ ዋጋው ይነገራል፣ የሠራችው ሴት ስም ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ሃኑን ማን ሰፋችው? የት መንደር? ከየትኛው ዛፍ ሥር? አሁን ካልተጠየቀ በኋላ የሚመልሰው አይገኝም።

ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ያላችሁ አንባቢዎቻችን፣ ሙዚየሙን ለማየት ከሄዳችሁ ብቻችሁን አትሂዱ። ጎረቤት የሆነች ሶማሊ እናት ካለች አብራችሁ ውሰዷት፤ አቃሉ ጋ ስትደርሱም የትኛው እንጨት መጀመሪያ እንደሚተከል ጠይቋት።