መሣሪያን በፋይል ስም መጥራት

ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ በጀመሩት ዩኒክስ፣ ዲስኩም ሆነ ተርሚናሉ እንደ ማንኛውም ፋይል በስሙ ተከፍቶ ይነበባል፤ ይጻፍበታልም። እንዲህ ያለውን ልዩ ፋይል ከትእዛዝ መስመር የሚፈጥረው «ኤምኬኖድ» የተባለው ትእዛዝ ነው። ከስሙና ከዓይነቱ ቀጥሎ ሁለት ቁጥሮች ይሰጡታል፤ የመጀመሪያው መሣሪያውን የሚያሠራውን የከርነል ክፍል፣ ሁለተኛው ከመሰሎቹ መካከል የትኛው መሆኑን ያመለክታል። በሊኑክስ የተጻፈለትን ሁሉ የሚውጠው «ነል» ቁጥሩ 1 እና 3 ነው።

ፋይሉ በውስጡ አንዳች መረጃ የለውም፤ ይህ ግን ሊያዘናጋ አይገባም። የዲስክ ቁጥር ይዞ ለማንም ክፍት ከተተወ፣ ባለቤቱ የከለከለው የግል ሰነድ ሳይቀር በዚያ በኩል ይነበባል። የመሣሪያ ፋይል መፍጠር ለሥርዓቱ የበላይ ተቆጣጣሪ ብቻ የተፈቀደውም ስለዚሁ ነው። ዛሬ በሊኑክስ ፋይሎቹን ከርነሉ ራሱ ስለሚያበጃቸው፣ ትእዛዙን በእጅ የሚጽፍ ባለሙያ ጥቂት ነው።