ከደጋ እስከ ቀይ ባሕር፦ የሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ሕይወት

ከዓለም ከተማ አምባ ቁልቁል ሲታይ የጀማ ሸለቆ ተዘርግቶ ይገኛል። ከመርሐቤቴ የሚወርደው ውሃ ወደ ዓባይ ይፈስሳል እንጂ ቀይ ባሕርን አያውቅም። የመርሐቤቴና የመንዝ ሰውም ገበሬና ወታደር እንጂ መርከበኛ አልነበረም። ይሁንና የኢትዮጵያን ባሕር ኃይል ከመሩት መኰንኖች የአንዱ የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከዚሁ ደጋ ነው።

ራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል በ1844 ዓ.ም. በመንዝ ደረፎ ማርያም ተወለዱ። የልጃቸው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅ ከራስ ደስታ ዳምጠው በ1926 ዓ.ም. እስክንድርን ወለዱ። በአባት በኩል አያታቸው ፊታውራሪ ዳምጠው በዓድዋ ጦርነት ወደቁ። አባታቸውም በደቡብ ግንባር ፋሺስትን ሲዋጉ ቆይተው የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ተገደሉ። ያን ጊዜ እስክንድር ገና ሦስት ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

በእንግሊዝ አገር ተምረው ሲመለሱ አገሪቱ ከቀይ ባሕር ጋር አዲስ ግንኙነት ጀምራ ነበር። በመስከረም 1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ተዋሐደች፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ባሕር ኃይል ተቋቋመ። ዋናው ጣቢያ በምፅዋ፣ የመኰንኖቹ ትምህርት ቤት በአሥመራ ሆነ፤ በማሠልጠኑም የኖርዌይ መኰንኖች ተሳተፉ። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተገኘችው፣ ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ የሆነ መርከብ «ኢትዮጵያ» ተብላ ዋናዋ መርከብ ሆነች። በየዓመቱ በምፅዋ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን ከምዕራብም ከምሥራቅም የመጡ የጦር መርከቦች በአንድ ወደብ መልሕቃቸውን ይጥሉ ነበር። እስክንድርም በዚህ ኃይል ውስጥ ሪር አድሚራል ለመሆን በቁ።

እዚህ ላይ ጥያቄው ይነሣል። እስክንድር የሠለጠኑ መኰንን መሆናቸው አይካድም፤ ዳሩ ግን ለንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ የሹመት መንገድ አጭር ነበር። መርከብን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ የዘር ሐረግ አይደለም፤ ሞተሩን የሚጠብቀው፣ ካርታውን የሚያነበው፣ መልሕቁን የሚስበው የመርከበኛው ሙያ ነው። በ1966 ዓ.ም. የወታደሩ እንቅስቃሴ ከነገሌ ቦረና ተነሥቶ እስከ ምፅዋ ሲዳረስ ባሕርተኛው በአዛዦቹ ላይ ተነሣ። ያን ጊዜ ሥልጣንን ከዙፋን ዝምድና ያገኘ ሰው ዙፋኑ ሲነቃነቅ ምን እንደሚተርፈው ታየ።

ይሁንና ታሪክ ሚዛኑን በአንድ ወገን ብቻ አይደፋም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. እስክንድር ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ከሌሎች የዘውድ መንግሥት ባለሥልጣናትና መኰንኖች ጋር ተረሸኑ፤ በዚያ ቀን የተገደሉት ወደ 60 ይደርሳሉ። የአንዱ ተከሳሽ ጥፋት ከሌላው ተለይቶ አልተመረመረም። ያለ ምርመራ በዘር መሾም በደል ከሆነ፣ ያለ ምርመራ መገደልም በደል ነው። እስክንድር የሁለቱም ምስክር ሆነው አለፉ።

ባሕር ኃይሉ ከእርሳቸው በኋላ ዐሥራ ስድስት ዓመት ያህል ኖረ። የካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ ከእጅ ወጣች፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. የቀሩት መርከቦች ባሕር ተሻግረው ተሰደዱ። «ኢትዮጵያ» የመን ደርሳ እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር ኃይሉን እንደገና የማቋቋም ሥራ ሲጀመር ወደቡ አልነበረም። የቀረው ዕውቀቱ ነበር፤ ይህም በአንድ መስፍን ቤት ሳይሆን በብዙ ባሕርተኞች እጅ ተጠብቆ የቆየ ቅርስ ነው።